ለበዓል ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ለሚጓዙ ዜጎች፦ ኢንተርኔትን በተመጣጣኝ ወጪ ስለ መጠቀም የቀረበ ማብራሪያ

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ምድር የሚወስዱት ሁለት ዋና መንገዶች በተጓዥ ይሞላሉ። አንደኛው በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ወልቂጤ ይደርሳል። ሁለተኛው በመልካ ቁንጥሬ፣ በጢያና በቡኢ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ቡታጅራ ይገባል። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሲሆኑ ሁለቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። በንግድና በሥራ ምክንያት ከትውልድ ቀዬው ርቆ የሚኖረው የአካባቢው ተወላጅ መስከረም 16 የሚበራውን ደመራና መስከረም 17 የሚውለውን መስቀል ከቤተሰቡ ጋር ለማክበር ይመለሳል። ሙስሊሙ ማኅበረሰብ በበኩሉ ለአረፋ በዓል ተመሳሳይ ጉዞ ያደርጋል።

ቀደም ባሉት ዘመናት ተጓዡ ሱቁን ቆልፎ ወይም ለታመነ ሰው አደራ ሰጥቶ ከወጣ በኋላ እስኪመለስ ድረስ ስለ ሥራው የሚሰማው ነገር እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የዕቁቡ ዕጣ፣ የሱቁ ዕለታዊ ሽያጭ፣ የባንክ ዝውውር፣ የልጆች የፈተና ውጤት፣ የመንግሥት አገልግሎት ማመልከቻ ሁሉ በእጅ ስልክ ውስጥ ሆኖ አብሮ ይጓዛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ግዢ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲፈጸም በመደረጉም የራሱን ተሽከርካሪ ይዞ የሚጓዝ ሰው በነዳጅ ማደያ በር ላይ ስልኩ ሳይሠራለት ቢቀር ጉዞው ሊስተጓጎል ይችላል። በመሆኑም ለበዓል የሚወጣ ዜጋ የኢንተርኔት አቅርቦቱን እንደ ትራንስፖርቱ ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተጓዦች በአነስተኛ ወጪ አስተማማኝ ግንኙነት ማግኘት እንዲችሉና ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜም አገልግሎት እንዳይቋረጥባቸው ለመርዳት ነው።

ገንዘቡ የሚባክነው የት ነው?

በበዓል ሰሞን ከሚሰሙ ቅሬታዎች አንዱ «ካርድ ሞልቼ ሳልጠቀምበት አለቀ» የሚል ነው። በአብዛኛው የዚህ ምክንያት ተጠቃሚው የኢንተርኔት ጥቅል ሳይገዛ ወይም የገዛው ጥቅል ካበቃ በኋላ የስልኩን ዳታ ክፍት መተዉ ነው። ጥቅል በሌለበት ጊዜ ስልኩ የሚጠቀመው እያንዳንዱ ሜጋባይት ከዋናው ሂሳብ በመደበኛው ታሪፍ ይቆረጣል። መደበኛው ታሪፍ ደግሞ በጥቅል ከሚገኘው ዋጋ የበለጠ ነው። ተጠቃሚው ስልኩን ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ቢተኛም መተግበሪያዎች ራሳቸውን ያድሳሉ፤ በቡድን የመልእክት ገጾች የተላኩ ቪዲዮዎችም ሳይጠየቁ ይወርዳሉ። ሌሊቱን ሂሳብ አለቀ የሚባለው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የብክነት ምንጭ የጥቅሉ የአገልግሎት ዘመንና የቆይታው ጊዜ አለመጣጣም ነው። የኢንተርኔት ጥቅሎች በቀን፣ በሳምንት፣ በወርና ከዚያም በላይ ለሆነ ጊዜ ይሸጣሉ። በሌሊት ሰዓት ብቻ የሚያገለግሉም አሉ። ለአምስት ቀን የሚሄድ ሰው በየዕለቱ የአንድ ቀን ጥቅል እየደጋገመ ቢገዛ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ስለሚመስል አይከብደውም፤ ይሁን እንጂ ሲደመር ከአንድ ሳምንታዊ ጥቅል ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል ለሁለት ቀን ብቻ የሚወጣ ሰው ትልቅ ወርኃዊ ጥቅል መግዛቱ የሚያዋጣው ከተመለሰ በኋላም የሚጠቀምበት ከሆነ ነው። ተገቢው አካሄድ የቆይታውን ቀናት ቆጥሮ ከዚያ ጥቂት ቀን የሚያልፍ ጥቅል መምረጥ ነው።

በዚህ ረገድ ትኩረት የሚያሻው ሌላ ነጥብ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ጥቅል ሲገዛ የሚደርሰው የማረጋገጫ መልእክት ጥቅሉ የሚያበቃበትን ቀንና ሰዓት ይገልጻል። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ 14፡30 ማለት ከቀኑ 8፡30፣ 22፡00 ማለትም ከምሽቱ 4 ሰዓት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊጻፍ ስለሚችል ከራስ የቀን መቁጠሪያ ጋር ማስተያየት ይገባል። ይህን በማሳሳት ጥቅሉ ከሚያበቃበት ሰዓት አልፈው የሚጠቀሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ምን ያህል ዳታ ያስፈልጋል?

ይህን ለመገመት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ጥቂት ቁጥሮችን ማወቅ ይበቃል። አንድ ጊጋባይት ማለት 1,024 ሜጋባይት ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ በአብዛኛው ከአንድ ሜጋባይት አይበልጥም። የቪዲዮ ጥሪ ግን በደቂቃ 5 ሜጋባይት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ 300 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በመካከለኛ የምስል ጥራት ማለትም በ480 ፒክስል የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት ከ500 እስከ 700 ሜጋባይት ይጠቀማል። ያው ቪዲዮ በ1,080 ፒክስል ሲታይ ከአንድ ጊጋባይት ተኩል እስከ ሦስት ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል።

እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ቤተሰብ ጉዞ ላይ ማስላት ይቻላል። መርካቶ ያለውን ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ ለአምስት ቀን ወደ ወልቂጤ የሚሄድ ነጋዴ በየዕለቱ ለ20 ደቂቃ በዋትስአፕ ድምፅ ቢነጋገር በጠቅላላው 100 ደቂቃ፣ ማለትም ከ100 ሜጋባይት ያልበለጠ ይጠቀማል። ውጭ አገር ካለ ወንድሙ ጋር አንድ ሰዓት በቪዲዮ ቢያወራ 300 ሜጋባይት ይጨመራል። የደረሰኝና የዕቃ ፎቶግራፎች፣ የባንክ መተግበሪያና የጽሑፍ መልእክቶች ቢደመሩበት እንኳን አንድ ጊጋባይት አይሞላም። አብሮት የተቀመጠው ልጁ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ ባለው የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ በከፍተኛ ጥራት ቪዲዮ ቢያይ የአባቱን የአምስት ቀን ፍጆታ ብዙ እጥፍ ገና ወሊሶን ሳያልፍ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በቤተሰብ ደረጃ ወጪን የሚወስነው ቪዲዮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጆች በመንገድ ላይ የሚያዩትን ፊልም ወይም መዝሙር ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ ባለ ዋይፋይ አውርዶ ስልኩ ላይ ማስቀመጥ ከየትኛውም የዋጋ ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ያድናል።

በስልክ ላይ ሊስተካከሉ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮችም አሉ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው እንዳይወርዱ ማድረግ ይቻላል። የመተግበሪያዎች ዝማኔ በዋይፋይ ብቻ እንዲከናወን ማዘዝም እንዲሁ። በዘመናዊ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ በዋናው መጠኑ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል የደመራውን ምስሎች ለዘመድ የሚልክ ሰው እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ተራ ፎቶ ቢልካቸው መተግበሪያው ራሱ መጠናቸውን ይቀንሳቸዋል። የስልክን ኢንተርኔት በሆትስፖት ለላፕቶፕ የሚያጋራ ደግሞ ኮምፒውተሩ በስውር የሥርዓተ ክወና ዝማኔ እያወረደ እንዳይሆን ማረጋገጥ አለበት። አንድ ዝማኔ ብቻውን የአንድ ሳምንት ጥቅል ሊጨርስ ይችላል።

ከመነሳት በፊት

ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአሁኑ ወቅት በሀገሪቱ የሞባይል አገልግሎት የሚሰጡ ሁለት ድርጅቶች ናቸው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች *999# (ኮከብ 999 መሰላል) በመደወል፣ የሳፋሪኮም ደንበኞች ደግሞ *777# በመደወል በዕለቱ ያሉትን ጥቅሎችና ዋጋቸውን ማየት ይችላሉ። ዋጋዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ በበዓላት ሰሞንም ልዩ ጥቅሎች ማቅረብ የተለመደ ስለሆነ፣ ከጓደኛ በሰሙት ወይም ባለፈው ዓመት በነበረ ዋጋ ላይ ከመተማመን በዕለቱ ማውጫውን መመልከት ይመረጣል። በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ መግዛት ሌላ ጥቅም አለው፤ የሞባይል ካርድ ፍለጋ አያስፈልግም። በገጠር ቀበሌ አንዳንድ ሱቆች ካርድ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ሲሸጡ መታየታቸው የማይካድ በመሆኑ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የምሄድበት ቀበሌ የትኛው መስመር ይሠራል?» የሚለው ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ውስጥ ያለው ሁኔታ በእምድብር፣ በጉንችሬ፣ በአገና ወይም በአረቂት ዙሪያ ባሉ መንደሮች ካለው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን የወልቂጤን አቅጣጫና የቡታጅራን አቅጣጫ ለያይቶ የቆመ ነው። የሞባይል ሞገድ ተራራን ዘልቆ አያልፍም፤ በመሆኑም ከአንድ ኮረብታ ወዲህ 4ጂ የሚያገኝ ስልክ ከኮረብታው ወዲያ ድምፅና አጭር መልእክት ብቻ የሚያስተላልፍበት አጋጣሚ ይፈጠራል። ስለዚህ ጉዳይ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው እዚያው የሚኖር ዘመድ ነው። ስልኩ ሁለት ሲም ካርድ የሚቀበል ከሆነ የሁለቱንም ድርጅቶች መስመር ይዞ መጓዝና ጥቅሉን በሥፍራው በሚሠራው መስመር ላይ መግዛት ይቻላል። አዲስ ሲም ካርድ ለማውጣት ሕጋዊ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ መስመሩም በባለቤቱ ስም መመዝገብ አለበት። በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ መስመር ላይ የሞባይል ገንዘብ ማስቀመጥ ኋላ መስመሩ ሲጠፋ ባለቤትነትን ለማስረዳት ስለሚያዳግት ፈጽሞ አይመከርም።

በሞገድ እጥረት አካባቢ ስልክ ያለማቋረጥ ምሰሶ ስለሚፈልግ ባትሪውን በፍጥነት ይጨርሳል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ ይህ ራሱን የቻለ ችግር ነው። በማይጠቀሙበት ሰዓት የዳታ ግንኙነቱን፣ ሌሊት ደግሞ ካስፈለገ ስልኩን ራሱ መዝጋት ባትሪም ገንዘብም ይቆጥባል።

በከተማው ውስጥ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ሆቴሎችና ካፌዎች ለእንግዶቻቸው ዋይፋይ ያቀርባሉ። የቡና ዋጋ ከፍሎ የሚገኝ ኢንተርኔት ርካሽ መሆኑ ባያጠያይቅም በበዓል ቀን ብዙ ሰው በአንድ መስመር ስለሚጠቀም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ክፍሉን ሲከራዩ ዋይፋዩ በክፍሉ ውስጥ ይደርስ እንደሆነ፣ ወይስ በእንግዳ መቀበያው ብቻ የሚሠራ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሕዝብ ዋይፋይ ዜና ማንበብ፣ ቪዲዮ ማውረድ፣ ካርታ ማስቀመጥ ችግር የለውም። የባንክና የሞባይል ገንዘብ ዝውውር ግን በራስ የሞባይል ዳታ ቢደረግ ይመረጣል፤ ለዚህ ሥራ የሚውለው ዳታ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቁጠባው አደጋውን አያካክስም።

በኢንተርኔት ካፌዎችና በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሰጠው አገልግሎት አሁንም ለብዙ ዜጎች ዋነኛ መግቢያ በር ነው። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ወይም ቅጽ መሙላት የሚከብደው ሰው ማመልከቻውን የሚያስሞላው፣ ሰነዱን ስካን የሚያስደርገው እዚያ ነው። የእነዚህ ቤቶች ባለሙያዎች ለማኅበረሰቡ የሚሰጡት ጥቅም ከፍተኛ ነው። ሆኖም ተገልጋዩ ሁለት ነገሮችን ሊጠነቀቅ ይገባል። የመጀመሪያው ለማመልከቻው የሚከፈተው አካውንት በተገልጋዩ በራሱ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል እንጂ በጸሐፊው እንዳይሆን ነው። በጸሐፊው ስልክ የተከፈተ አካውንት የማረጋገጫ ቁጥሩ ሁልጊዜ ወደ ጸሐፊው ስለሚሄድ ባለጉዳዩ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ የራሱን ማመልከቻ መክፈት ይሳነዋል። ሁለተኛው ሥራው ሲያበቃ ከአካውንቱ መውጣትና ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን የመታወቂያ ወይም የሰነድ ቅጂ ፊት ለፊት ማስጠፋት ነው። ክፍያው በደቂቃ ወይም በገጽ እንደሚታሰብም ከመጀመር በፊት መስማማት መልካም ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት

ብዙ ተጓዦች ለማይጠይቀው ሥራ ኢንተርኔት ይገዛሉ። ቴሌብርን በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን *127# በመደወል መጠቀም ይቻላል። ኤምፔሳ *733#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት ደግሞ *889# አላቸው። እነዚህ አገልግሎቶች በተራው የሞባይል መስመር የሚሄዱ ስለሆኑ ጥቅል አይፈልጉም፤ ዘመናዊ ባልሆነ ስልክም ይሠራሉ። ለአያት የበዓል ስጦታ መላክ፣ የዕቁብ ገንዘብ መክፈል፣ ሂሳብ ማየት በዚህ መንገድ ይፈጸማል። አስቀድሞ መመዝገብና የሚስጥር ቁጥርን ማወቅ ግን ግድ ነው፤ በተለይ የባንኩ አገልግሎት በቅርንጫፍ ምዝገባ የሚጠይቅ በመሆኑ ከጉዞ በፊት ሊጠናቀቅ ይገባል።

የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቀሪ ሂሳባቸውን በ*804# ያያሉ፤ ካርድ በ*805* የካርዱን ቁጥር አስከትለው በመሰላል ዘግተው ይሞላሉ። ሂሳብ ያለቀበት ሰው *807* ብሎ የሚፈልገውን ሰው ቁጥር በማስከተልና በመሰላል በመዝጋት «መልሰህ ደውልልኝ» የሚል መልእክት ያለ ክፍያ መላክ ይችላል። የአየር ሰዓት ብድርም አለ፤ ሆኖም በብድሩ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚታሰብ የመጨረሻ አማራጭ ቢሆን ይሻላል።

በተለይ ወላጆችን የሚያሳስበው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውጤቱ ይፋ የተደረገው በጳጉሜንና በመስከረም ስለሆነ የበዓሉ ጉዞና የውጤቱ ጥበቃ ሲገጣጠሙ ይታያል። ውጤቱ በሚለቀቅበት ሰዓት በመላ ሀገሪቱ ያለ ተማሪ በአንድ ጊዜ ድረ ገጹን ስለሚከፍት ገጹ ይዘገያል። ተፈታኙ ደጋግሞ በሞከረ ቁጥር ዳታው ያልቃል፤ አንዳንዶችም ያንኑ ገጽ ሊከፍቱ ሦስትና አራት ጊዜ ጥቅል ይገዛሉ። ውጤቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ቦትም የሚገለጽ ስለሆነ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በወቅቱ የሚያሳውቀውን የመልእክት ቁጥር ይዞ በዚያ መጠየቅ በቂ ነው። መንደር ውስጥ ያለ ተማሪ የፈተና መለያ ቁጥሩን አዲስ አበባ ላለ ወንድም ወይም እህት አስቀድሞ ቢሰጥም ውጤቱ በስልክ ጥሪ ይደርሰዋል። ውጤቱ ከተለቀቀ አንድ ቀን ቢያልፍም አይለወጥም። ውጤት እናሻሽላለን ወይም ቀድመን እናሳያለን የሚሉ የቴሌግራም ገጾች ግን አጭበርባሪዎች ናቸው።

ከውጭ አገር ለሚመጡ

ከዩናይትድ ስቴትስ፣ ከአውሮፓ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ ለበዓል የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ትልቁ ወጪ የሚገጥማቸው በሚኖሩበት አገር መስመር በሮሚንግ ዳታ ሲጠቀሙ ነው። አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት በስልኩ ቅንብር ውስጥ የዳታ ሮሚንግን መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ስልኩ ቦሌ ላይ እንደበራ መተግበሪያዎቹ መሥራት ቢጀምሩ ሂሳቡ የሚታወቀው ባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርት አቅርቦ የሀገር ውስጥ ሲም ካርድ መግዛት ይቻላል። የውጭው ባንክ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት የሚልክ ከሆነ የውጭውን ሲም ካርድ ሙሉ በሙሉ ከማውጣት ይልቅ ዳታው ተዘግቶ በሁለተኛው ማስገቢያ እንዲቆይ ማድረግ ይበጃል። ስልኩ በውጭ ድርጅት የተቆለፈ ከሆነ የሀገር ውስጥ ሲም አይቀበልምና ከመነሳት በፊት ማስከፈት ያስፈልጋል፤ ይህን ወልቂጤ ከደረሱ በኋላ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

በዓሉን ካሳለፉ በኋላ ከቡታጅራ ወደ ባቱ ወርደው የዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ደሴቶችን የሚጎበኙም አሉ። የዘይ ማኅበረሰብ መኖሪያ ወደሆኑትና የደብረ ጽዮን ገዳም ወደሚገኝበት ወደ ቱሉ ጉዶ የሚወስደው ጉዞ በጀልባ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ክፍያን፣ ለቤተሰብ የሚደረግ ጥሪንና የካርታ ማውረድን ባቱ ከተማ ሳሉ መጨረስ፣ ለጀልባውም የሚሆን ጥሬ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል።

ማጭበርበር፣ የጠፋ ሲም ካርድና ቅሬታ

በዓል የገንዘብ ዝውውር የሚበዛበት ወቅት እንደመሆኑ አጭበርባሪዎችም የሚንቀሳቀሱበት ነው። «ነፃ የበዓል ኢንተርኔት» የሚል ማስፈንጠሪያ ያለው መልእክት፣ «በስህተት ገንዘብ ልኬልህ ነበርና መልስልኝ» የሚል ጥሪ፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ደዋይ ያጋጥማሉ። የሚስጥር ቁጥርን ወይም በመልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥርን በስልክ የሚጠይቅ ሕጋዊ ድርጅት የለም። በስህተት ተላከ የተባለ ገንዘብ ካለም የራስን ሂሳብ አይቶ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ሳያረጋግጡ መመለስ አይገባም። በዚህ ረገድ አረጋውያን ወላጆች በይበልጥ ስለሚጠቁ ልጆች ለበዓል ሲመጡ የወላጆቻቸውን ስልክ አይተው ቢያስረዷቸው ከሚያመጡት ስጦታ የማይተናነስ ነው።

አገልግሎት ሳያገኙ ገንዘብ የተቆረጠባቸው ወይም የገዙት ጥቅል ያልደረሳቸው ደንበኞች መጀመሪያ ማመልከት ያለባቸው ለአገልግሎት ሰጪው ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994፣ የሳፋሪኮም 700 ነው። ጥቅሉ የተገዛበት ቀንና ሰዓት፣ የተቆረጠው ገንዘብ መጠንና የደረሰው መልእክት እንደ ማስረጃ ስለሚያገለግሉ መልእክቶችን ከስልክ ላይ ማጥፋት አይገባም። አገልግሎት ሰጪው አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ዘርፉን እንዲቆጣጠር ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል።

ሲም ካርድ የጠፋበት ሰው ወዲያውኑ ደውሎ መስመሩን ማዘጋት አለበት፤ በዚህም የሞባይል ገንዘቡ ይጠበቃል። ምትክ ሲም ካርድ ለማውጣት ባለቤቱ ሕጋዊ መታወቂያውን ይዞ በአካል በሽያጭ ማዕከል መቅረብ ይኖርበታል። መስከረም 17 የሕዝብ በዓል በመሆኑ በዕለቱ ቢሮዎች ሊዘጉ ስለሚችሉ ምትክ ሲም፣ የባንክ ምዝገባም ሆነ የሚስጥር ቁጥር ማስቀየር የሚፈልግ ተጓዥ እስከ መስከረም 15 ድረስ ጉዳዩን እንዲፈጽም፣ መታወቂያውንም ከሻንጣው ሳይሆን ከእጁ እንዳይለይ ይመከራል።